ከኪስ የምትወጣው ካሜራ

ሰውዬው ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከካሜራ መሸጫው ባንኮኒ ፊት ቆሟል። ትንሿን የኪስ ካሜራ ነበር የጠየቀው። እጁ ግን ሚረርለስ ወደሚባለው ትልቁ ካሜራ ሄደና አነሳው፤ ግራ መዳፉን ከሌንሱ ሥር አስደግፎ አንድ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ሰውን በአንድ እይታ አውቃለሁ ባይዋ ሻጭ ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ እጅዎ መርጦ የለ እንዴ! ምነው በትንሿ ራስዎን ይደልላሉ?»

«ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ልጄ። በሽተኛ ሲጠናበት ቤተሰቡ ለማስታወሻ ይጠራኛል፤ ያኔ ትልቁን ካሜራ ይዤ እወጣለሁ። ሴት ልጄ ይህን እያየች ነው ያደገችው።» ካሜራውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «አሁን የተኛችው እሷ ናት። ትልቁን ካየች ለምን እንደማነሳት ይገባታል። በትንሿ ግን የምጫወት ይመስላታል።»

ሻጯ ትልቁን ካሜራ ወደ መደርደሪያው መልሳ ትንሿን አቀረበችለት።

ሰውዬው ትንሿን ገዝቶ ወዲያው አልወጣም። ከግድግዳው መስታወት ፊት ቆሞ፣ ካሜራዋን እንደ ዋዛ ከኪሱ እየመዘዘ መሳቅ ይለማመድ ጀመር። እጁ ታዘዘለት፤ ፊቱ ግን እንቢ አለው።