ከጠፈር የመጣ ቅርጫ

ከኮምቦልቻ በወጣሁበት ዋዜማ ዘመድ ጎረቤቱ ቤቱን ሞልቶ ሲያለቅስ፣ ዶክተር ይመር ጥግ ይዘው ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። በከብት ሕክምና ላብራቶሪ ውስጥ አለቃዬ ነበሩ፤ አጥንት እንደ ወረቀት አሳስቶ መቁረጥን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ልቤ አሜሪካ ገብቷልና ዝምታቸውን ልብ አላልኩትም።

ሚኒያፖሊስ እንደደረስኩ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ አረጋውያንን ማጠብ ነበር። ብርዱን አልነግራችሁም፤ ያላየው አያምንም። ኋላ ግን ያ የተማርኩት ሙያ እንጀራ ሆነኝና አንድ የምርምር ላብራቶሪ ተቀጠርኩ።

ሥራችን በሳተላይት ጠፈር ደርሰው የተመለሱ አይጦችን አካል ማከፋፈል ነው። እዚያ ላይ የሰነበተ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፤ የአይጥም እንደዚሁ። ለምን እንደሆነ ብዙ አገር ተባብሮ ያጠናል። ልቡ ለአንዱ አገር፣ ዓይኑ ለሌላው፣ ጉበቱ ለሦስተኛው ይላካል። ዝርዝሩን መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ። ቅርጫ ነው እኮ፤ የእኛ ሰው አዋጥቶ በሬ አርዶ እንደሚካፈለው ያለ።

አንድ ቀን ጥቂት የጭን አጥንት ተረፈ። ዶክተር ይመር ዕድሜያቸውን የፈጁት አጥንት ለምን እንደሚሳሳ ሲመረምሩ ነው፤ ጡረታቸውም ደርሷል። ይህን ሳያዩ እንዳይወጡ ብዬ አሁን ያለችኝን አለቃ፣ ሊንዳን፣ ጠየቅኳት።

«ለኢትዮጵያ አንድ ሼር አይደርሳትም?»

«ፓርትነር ናት?»

«አይደለችም።»

«ሼር የሚደርሰው ላዋጣ ነው፣ ዘሃራ። ሮኬትም ይሁን፣ ገንዘብም ይሁን፣ ባለሙያም ይሁን።» ክፉ ሴት አይደለችም። «ለማንኛውም እዚያ ያሉት ሰዎች ፎርሙን ይሙሉና ኮሚቴው ይየው። እስከ ዓርብ ድረስ።»

ያንኑ ዕለት ፎርሙን ለዶክተር ይመር ላኩላቸው። በማግስቱ ሌክ ስትሪት ላይ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ደወልኩ።

«ደህና ነሽ ልጄ? ሞልቼዋለሁ» አሉኝ። «መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣችሁ ምን ይሆናል ይላል፤ ጄኔሬተር አለን ብያለሁ። አንዱ ጥያቄ ግን ከበደኝ።»

«የትኛው ነው ዶክተር?»

«አገራችሁ ለዚህ ጥናት ምን ባለሙያ አዋጣች ይላል። ያንቺን ስም ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል?»

እየቀለዱ አልነበረም። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ስሜ እኮ ከተጻፈ ቆይቷል፤ አሜሪካ ባዋጣቻቸው ባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ። ይህን ለእሳቸው በምን አፌ ልንገራቸው?