ጥቁር ክፈፍ ያለው ፖስተራችን

ሮቤ ከተማ ተማሪዎች ሳለን አስፈሪ ፊልም ሠራን፤ ሞታ ስለምትመለስ ልጅ። ፖስተሩ የኔ ድርሻ ነበር። ከመሃላችን ኮምፒውተር ያለኝ እኔ ብቻ ስሆን ሌላ ማን ይሠራዋል? ዋናዋ ተዋናይ የክፍላችን ልጅ ናት። እናቷ ዲንሾ ሱቅ አላቸው፤ የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ፊልም እንደምትሠራ እንኳ አልነገረቻቸውም። «እናቴ ድንጋጤ አትችልም» ትለን ነበር።

ዓይኗን ጨፍና ነጭ ሻሽ ለብሳ ያነሳኋትን ፎቶ ወስጄ ፊቷን አገረጣሁት። ዙሪያውን ደም የመሰለ ክፈፍ አደረግኩበት፤ ከላይ በጥቁር መደብ ላይ «አስፈሪ ፊልም» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። ወይ ማማሩ! ማተሚያ ቤት ስደርስ ግን የቀለም ማተሚያው ተበላሽቷል። በማግስቱ ነው የምናሳየው፤ ምን ላድርግ? በጥቁርና ነጭ አሳተምኩት። ክፈፉ ጠቆረ፤ ቀዩ ጽሑፍ ጥቁሩ ውስጥ ሰጥሞ ጠፋ። እኔ ቃሉን ስለማውቀው ዓይኔ ያነበበው መሰለኝ። የቀረው የልጅቷ ፎቶና «ቅዳሜ በስምንት ሰዓት» የሚለው ነው። ያንን ይዤ መናኸሪያው አጥር ላይ ለጠፍኩት፤ የሟች ማስታወቂያ የሚለጠፍበት አጥር ላይ!

ቅዳሜ ጠዋት የቀረውን ልንለጥፍ ከልጅቷ ጋር ስንመጣ፣ የመናኸሪያዋ ሻይ ሻጭ አየቻትና ጮኸች። «አንቺ! አለሽ እንዴ?» አለች። እንደነገረችን የዲንሾ ሚኒባስ ረዳት «ኢናሊላሂ፣ የባለሱቋ ልጅ!» ብሎ አንዱን ወረቀት ገንጥሎ ይዞ ሄዷል። ስምንት ሰዓቱን የቀብር ሰዓት አድርገውታል።

ለእናቷ ብንደውል፣ ብንደውል መስመር የለም። የልጅቷ ስልክ ደግሞ የፊልማችን ካሜራ ስለነበር ባትሪው አልቆ ተዘግቷል። እናቷ ደውለው ከሆነም ያገኙት ዝግ ስልክ ነው።

ወደ ዲንሾ ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። ልጅቷ መንገዱን ሙሉ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ብቻ ትላለች። ስንዴው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ሹፌሩ ደግሞ መንሸራተት ፈርቶ ይጎተታል። «ንዳው እንጂ ሰውዬ!» ብዬ ጮኽኩበት። እኚያ ሴትዮ አንድ ነገር ከሆኑ በምን ፊቴ እኖራለሁ? አልቅስ አልቅስ አለኝ።

መንገድ ላይ በሴቶች የተሞላ መኪና ከፊታችን መጣ፤ ለቅሶው ከሩቅ ይሰማል። ልጅቷ ዘላ ወርዳ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። እናቷ ወገባቸውን በነጠላ እንዳሰሩ ወረዱ። አልጮኹም። ፊቷን ዳበሱ፤ እጃቸውን አንገቷ ሥር ከተቱ።

«ትሞቂያለሽ» አሉ። ከዚያ ደረታቸውን ይዘው አስፋልቱ ላይ ዘፍ አሉ።

በቃ፣ ገደልኳቸው አልኩ። እንደ እናቴ «አዴ! አዴ!» እያልኩ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ሴቶቹ ውሃ ረጯቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ የኔው ሊወጣ ነበር።

«ወረቀቱን የሠራው ማነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ፣ አዴ።»

«ልጄን ገድለሃታል። በል፣ አንተው አስነሳት።»

ዲንሾ ወሰዱኝ። ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። እጄን ይዘው በየቤቱ አዞሩኝ፤ በየበሩ «አልሞተችም፣ የኔ ስህተት ነው» እላለሁ፣ ሰው ይሰድበኛል፣ እንቀጥላለን። ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ፊልሙ ታየ አልታየ ማን ትዝ አለው!

ቤቱ ሁሉ ሲያልቅ ወደ ደጃቸው ተመለስን። ደፉ ላይ ተቀመጡ፤ ልጅቷ አጠገባቸው ቆማለች፤ የልብሷን ጫፍ ጨብጠዋል።

«አሁን ለኔ ንገረኝ» አሉኝ።

«አዴ፣ ልጅዎ አልሞተችም።»

«ድገመው።»

ደገምኩት። ድምፄ እስኪዘጋ ደገምኩት። እሳቸው ግን አሁንም «ድገመው» ይሉኛል።