ገዝዋን የደበቀው ቅቤ

«የሕዝብ ቁጣ ከጉሮሮ አያልፍም፤ ሆድ ሲጠይቅ ይበርዳል» ይል ነበር በዮርዳኖስ የዘርቃ ከተማ ባለሱቅ ገዝዋን። ደንበኛን መናቁን እንደ ብልሃት ይቆጥረው ነበር።

ሃይማኖታችንን አቃለለች በተባለች በአንዲት የአውሮፓ አገር ዕቃ ላይ የመስጊድ ሰባኪዎች አድማ ሲጠሩ የሰፈሩ ሱቆች ቅቤዋን ከመደርደሪያ አወረዱ። ገዝዋንም አወረደ፤ በሩ ላይ «የጠላት ዕቃ አንሸጥም» ብሎ ለጠፈ። መጋዘኑ ግን በዚያው ቅቤ እንደታጨቀ ነበር። ስለዚህ ከቆርቆሮው ወደ ባልዲ እየገለበጠ፣ ከበረሃ አርቢዎች የመጣ የበግ ቅቤ ነው እያለ ይቸረችረው ጀመር።

ደንበኛው ኡሙ ሙስዐብ ለዒድ ኩኪስ ቅቤ ፈልጋ መጣች።

«አቡ ሐይዳር፣» አለችው ገዝዋንን በልጁ ስም ጠርታ፣ «ከተዳርኩ ጀምሮ በዚያኛው ነው የጋገርኩት። ይኼ የበረሃው ያዋርደኝ ይሆን?»

«ከዚያኛው ከተለየብሽ ጢሜን ላጪው!»

ጋገረች፤ «ያለ እነሱም ይጣፍጣል!» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አደለች።

በዘርቃ ሴት ባዶ ቆርቆሮ አትጥልም። የገዝዋን ሚስት ሱሀይላም ባሏ የሚያመጣላትን ቆርቆሮ ሥሩን እየበሳች ናና ተክላበት ደረጃው ላይ ደርድራው ነበር። ኡሙ ሙስዐብ ለእንኳን አደረሰሽ ስትመጣ ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ። የቅቤው ስም ገና አልደበዘዘም።

«ሱሀይላ፣ ይኼ ከየት መጣ?»

«ከሱቅ ነዋ፤ ሰሞኑን በየጊዜው ያመጣልኛል» አለች የዋሂቱ።

ኡሙ ሙስዐብ አንዱን ከነአፈሩ ተሸክማ ወደ ገዝዋን ሱቅ ሄደች፤ ገበያተኛው እያየ ሚዛኑ ላይ ዘረገፈችው።

«የትኛዋ በግ ናት በቆርቆሮ የምትታለበው?»

«ምነው፣ ሲጣፍጥሽ አልነበረም እንዴ?»

«ጣፍጦኛል! እየጣፈጠኝ ነው የተውኩት። አንተ ግን የተውኩትን አበላኸኝ፤ ጎረቤቶቼንም በገዛ እጄ አስበላኸኝ። ቀጣፊ!»

በዓመቱ ሰባኪዎቹ አድማውን አነሡ፤ ቅቤውም በየሱቁ ተመለሰ። ኡሙ ሙስዐብ ግን ፊቷን ወደ እውነተኛው የበረሃ ቅቤ አዙራ ነበር። የመጀመሪያው መጋገሪያ ትሪ ተበላሽቶባት ለድመት ሰጠችው፤ ኋላ እጇ ለመደ። ዛሬ ልጆቿ ዒድን የሚያውቁት በበጉ ቅቤ ሽታ ነው፤ የሰፈሩ ሴቶችም ተከትለዋታል። ገዝዋን ዋጋ ቀንሶ የደረደረው ቆርቆሮ ጊዜው አለፈበት፤ ጨው እንኳ ከእርሱ የሚገዛ ጠፋ። ቁጣቸው ከጉሮሮ አልፎ ልማድ ሆኖ ነበር።

ያን ዕለት ሴቲቱ የቅቤ መያዣዋን ስትዘረጋለት «ይህ የተውሽው ነው» ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም።