ለጋ ዱባ በጣት አይጠቆምም

እሪ በከንቱ ሰፈር ውስጥ ፀሐይ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ቤቱ በቤት ላይ ተደርቦ፣ ጣሪያ ከጣሪያ ተነካክቶ፣ ሰማዩን ራሱ ቆንጥረው የሰጡን ይመስል ነበር። የእኛ ግቢ ግን አንድ ሀብት ነበረው፤ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ የሚመታው የዛገ የቆርቆሮ አጥር። እማዬ ከቤቱ ይልቅ አጥሩን ትወድ ነበር ብል አላጋነንኩም።

በየዓመቱ ዱባ ታወጣበታለች። ቆርቆሮ ሲግል ቅጠል ስለሚያቃጥል መጀመሪያ አሮጌ ጆንያ ታለብሰዋለች፤ ከዚያ ሐረጉን በሲባጎ እያሰረች ሽቅብ ትመራዋለች። ፍሬ ሲይዝ ደግሞ ክብደቱ እንዳይገነጥለው በሻሽ አዝላ ከአጥሩ ጋር ታስረዋለች።

"እኔን እንኳ እንዲህ አላዘልሽኝም" እላታለሁ።

"አንተ መቼ እንደሱ ዝም አልክ?" ትለኛለች።

ዘሩ የጎረቤታችን ነው። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ፣ በልብስ ስፌት ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሙስሊም እናት ናቸው፤ እማዬ ደግሞ ጊዮርጊስን ሳትሳለም አትውልም። የሰፈሩ ተረበኛ "ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል" ይላቸዋል። እነሱ ግን የመጀመሪያውን ዱባ ሁልጊዜ አብረው ቆርጠው ለሁለት ይከፍላሉ፤ በየቤታቸው ወጥ ሠርተው በአጥሩ ላይ ሳህን ይለዋወጣሉ። ከዚያ የማን ወጥ እንደጣፈጠ ሲከራከሩ ይሰነብታሉ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ለጋ ዱባ በጣት አይጠቆምም፤ ከተጠቆመ ይጨነግፋል። ማሳየት የፈለገ ጣቱን አጥፎ፣ እጁን ጨብጦ ነው የሚያሳየው። ልማድ ሆኖብኝ ፒያሳ በምሠራበት ወርቅ ቤት እንኳ ለደንበኛ ቀለበት የማመለክተው እጄን ጨብጬ ነበር፤ ባልደረቦቼ ሲስቁብኝ ይውላሉ።

ባለፈው ዓመት አንድ ፍሬ ብቻ ያዘ። በዚያው ሰሞን ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለ። ለጎረቤታችን በአንዱ የከተማ ዳር፣ ለእኛ በሌላው ዳር ምትክ ቤት ደረሰን። እማዬ ስለ ቤቱ ትንፍሽ አላለችም።

"ዱባው እስኪደርስ ብቻ ቢታገሱን" አለች። "አንዴ አብረን እንቁረጠው። ከዚያ በኋላማ ማን ከማን ይገናኛል?"

ወይ ጉድ! ዕድሜዋን የፈጀችበት ቤት ሊፈርስ እሷ ስለ ዱባ ታወራለች ብዬ በገንኩ።

የሚፈርሰውን ቦታ የሚለኩ ሰዎች መጡ። አንዱ ወጣት አጥሩ ጋ ቆሞ ጣቱን ዘረጋ። "ከዚህ ጀምሮ…" ከማለቱ እማዬ ተወርውራ እጁን ያዘች።

"ተው ልጄ! በጣት አይጠቆምም፣ ይጨነግፍብኛል!"

ልጁ ክው አለ። በሻሽ የታዘለውን ዱባ አየ፤ እማዬን አየ። ከዚያ ጣቱን አጠፈና በጨበጠው እጁ እያመለከተ "እሺ እማማ። ከዚህ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ይፈርሳል" አለ።

ጎረቤታችን ከማዶ "ወላሂ ጨዋ ነህ! ያሳደገችህ ትባረክ" አሉት። እማዬም መረቀችው። እኔ ብቻ አልመረቅኩትም። ቢቆጣት፣ ቢገፈትራት፣ ቢያንስ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

ጎረቤታችን ቀድመው ሄዱ። የእኛ ቀን ሲደርስ ዱባው ገና አረንጓዴ ነው። ቆርጠን እንውሰደው ብላት እምቢ አለች።

"ጥሬውን ምን ላደርገው? ቶሎ አያፈርሱትም። ሲቀላ ታመጣዋለህ፣ ግማሹን ለእሷ ታደርስልኛለህ።"

አራተኛ ፎቅ ገባን። በረንዳው ከሌላ ሕንፃ ጋር ተፋጧል፤ ፀሐይ የሚባል ነገር ዝር አይልም። እማዬ በጣሳ የዘራችው ዘር ነጭ ክር መስሎ ወጣና ወደቀ። ሁለተኛ አልሞከረችም።

አንድ ቀን እማዬ ዱባውን አይተህ ና ስላለችኝ ከሥራ ስወጣ ወደ ሰፈር ወረድኩ። ቤት የለም፣ አጥር የለም። ቁልቁል እስከ ወንዙ ድረስ ፍርስራሽ ብቻ ነው። ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር ያን ያህል ፀሐይ አይቼ አላውቅም። አጥራችን የት ጋ እንደነበረ መለየት እንኳ አቃተኝ፤ ቆሜ አለቀስኩ።

ቤት ስደርስ እማዬ በሩን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነበር።

"ቀላ?" አለችኝ።

ምን ልበላት? "አንዱ ጠቁሞበት ጨነገፈ" አልኳት።

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

"ያ ልጅ ግን አይደለም" አለች። "እሱ ጣቱን አጥፏል።"