የአራቱ ዘይቱኖች ውሃ

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንድ የቦዳ ቦዳ ሹፌር ሞተሩን ደጄ ላይ አቁሞ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳህን አቀበለኝ። ፎጣ ጣል ተደርጎበታል። መግለጥ አላስፈለገኝም፤ ሽታው ከሞተሩ ጭስ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ዘይቱን ነው። እትዬ ዓለሚቱ ፍሬው በደረሰ ቁጥር ከቡቲዬ መንደር ይልኩልኛል። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

«መልእክትም አላቸው» አለኝ ሹፌሩ። «‹አዲስ ችግኝ ልተክል ነው፤ ያንን የተባረከ እጅህን ይዘህ ና› ብለዋል።»

ሳቅኩ። እኔ ስደነግጥ ነው የምስቀው።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፤ ሞያሌ ውስጥ እኔ የማልጠግነው ነገር የለም። ጄኔሬተር፣ ራዲዮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። አንዳንዱን ፈትቼ መግጠም አቅቶኝ ያውቃል፤ እሱን ግን ባለቤቶቹ ይንገሯችሁ። በኬንያም በኢትዮጵያም በኩል «ፉንዲ» ካሉ፣ ባለሙያው ማለታቸው ነው፣ እኔን ነው። አንድ ያበላሸሁት ነገር ብቻ ሳይጠገን ቀርቷል፤ እሱም በየዓመቱ በሳህን ተሞልቶ ቤቴ ይመጣል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አስፋልቱ ገና አልመጣም። ከናይሮቢ የሚመጡት ሎሪዎች ሁለት ሦስት ቀን አቧራ ውጠው ይደርሱና ሹፌሮቹ ፊታቸውን ሳይታጠቡ እትዬ ዓለሚቱ ምግብ ቤት ይገቡ ነበር። ለምግቡ አይደለም፤ ለዘይቱን ጭማቂያቸው ነው። ወፍራም፣ ሮዝ መልክ ያለው፣ ጥርስ ላይ ፍሬው የሚንቋቋ። እትዬ ከደጋ መጥተው ሞያሌ የቀሩ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከመሞታቸው በፊት ቡቲዬ ላይ ሃያ አራት የዘይቱን ዛፍ ተክለውላቸው ነበር። «እሱ ነው የሚያበላኝ፣ ሞቶም» ይሉ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ ዛፎቹ እንደተጠማ ሰው ጠወለጉ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ፍሬው እንደ ብይ አነሰ። እኔ ተጠራሁ። ዞር ዞር ብዬ አየሁና «ብረት አንሶት ነው» አልኩ፤ አንዱ ግንድ ላይ ሦስት ምስማር መታሁበት። ዛፉ ይባስ አለ።

ከዚያ ዳኪ መጣች። የኡራን መንደር ልጅ ናት፣ ቦረና፤ ናይሮቢ ተምራ ስለ ተክል በሽታ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ትሠራ ነበር። እኔ ግንዱን ስደበድብ እሷ መሬቱን በእጇ ጫረችና አንድ ሥር አውጥታ አሳየችን። ሥሩ ክር ላይ እንደተሰካ ጨሌ በእብጠት ተሞልቷል።

«ይሄን የሚያደርገው በዓይን የማይታይ ትል ነው። ሥሩ ውስጥ ገብቶ ይመጠዋል። ብታጠጡትም ውሃው ወደ ላይ አይወጣም።» ከቦርሳዋ ጠርሙስ አወጣች። «ኦቦ መንደር አጠገብ እንዲህ ያለ ትል በሞላበት መሬት ላይ አንድ ጤነኛ ዘይቱን አገኘሁ። ሥሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ዛፉን አይጎዱትም፤ ለትሉ ግን ቦታ አይለቁለትም። እነሱን ነው ያራባሁት።»

እትዬ ዓለሚቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ባክቴሪያ? በራዲዮ እጃችሁን ታጠቡ የሚሉን እሱን ፈርተው አይደል?»

«እትዬ፣ ሌባውም ሰው ነው፣ ዘበኛውም ሰው ነው» አለች ዳኪ እየሳቀች። «ይሄ ዘበኛው ነው።»

ከሃያ አራቱ ዛፎች አሥራ ሁለቱ ላይ ቀይ ክር አሰረች፤ መድኃኒቱን በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጡት እነሱ ናቸው። የቀሩት ለማነጻጸር ይቆያሉ። ከያዘ ለሁሉም ይሰጣል፤ የቡቲዬ ሰው ፓፓያና ሎሚም ተራ ይደርሰዋል። ካልያዘ ግን አለቆቿ ሥራውን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ይሄን ሁሉ ነግራኛለች። ማጠጣቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ «ዳክታሪ ዘይቱን፣ የዘይቱን ሐኪም በሉኝ» እያልኩ።

«አንድ ነገር ብቻ፣ ፉንዲ» አለችኝ። «ውሃው ከሃሮ ይሁን።» ሃሮ ማለት የዝናብ ኩሬው ነው። «በቦቴ ከሚመጣው እንዳትነካ። ክሎሪን አለው። እነዚህ ነፍስ ያላቸው ናቸው፤ ይሞታሉ።»

«እኔን ነው የምታስተምሪኝ?» አልኳት።

ሃሮው በአህያ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አህያዋ አራት ጀሪካን ትጭናለች፤ ለአንድ ዛፍ አንድ ጀሪካን። ስለዚህ ሦስት ጉዞ ነው። የመጀመሪያውን ሄድኩ፤ አጥሩ ጥግ ያሉትን አራቱን በሥርዓቱ አጠጣሁ። ያን ቀን ግን ኦቦ ሰርግ ነበር፤ ወደዚያ የሚሄደው ሎሪ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰርግ ያለ እኔ አይደምቅም ነበር፤ ይሄ ጉራ አይደለም፣ ወይም ትንሽ ብቻ ነው። ከበሩ አጠገብ የእትዬ የቦቴ ውሃ በርሜል አለ፣ ሙሉ። በዚያ ሰሞን ኮሌራ ተፈርቶ እትዬ ክሎሪኑን ሳይሰስቱ ነበር የሚጨምሩበት። ክዳኑን ስከፍተው አፍንጫዬን አቃጠለኝ። ትዝ ይለኛል፤ የዳኪን ቃል አልረሳሁም ነበር። «ንጹሕ ውሃ ምን ያደርጋል?» አልኩና የቀሩትን ስምንት ዛፎች ከእሱ ቀድቼ ጨረስኩ። ሎሪው ላይ ስወጣ እያፏጨሁ ነበር። ሰርጉ ላይ ሰውን በሳቅ ፈጀሁት።

ከወራት በኋላ ዳኪ ማስታወሻዋን ይዛ ተመለሰች። ክር የሌላቸው አሥራ ሁለቱ ደርቀዋል። ክር ካላቸው ስምንቱም እንደዚያው። አጥሩ ጥግ ያሉት አራቱ ግን ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አበባ ይዘዋል። ዳኪ ከአንዱ ወደ አንዱ ተመላለሰች፤ ሥሩን ቆፍራ አየች፤ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ፉንዲ። ውሃው ሁሉ ከሃሮ ነው አይደል?»

ክሎሪኑ እንደገደላቸው እዚያው ላይ ገባኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። እትዬ አጠገቤ ቆመዋል፣ ሁለት ጎረቤቶችም አሉ።

«ታዲያስ» አልኩ። «ሁሉም ከአንድ ውሃ ነው።»

«እንግዲያው መድኃኒቱ አይደለም» አለች ለራሷ። «አፈሩ ነው። ዕድል ነው።» ጻፈችው። ስትጽፍ እጇን አየሁት፤ በጣም ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው።

«ጠርሙስ ሙሉ በሽታ አምጥተሽ የባሌን ዛፍ ጨረስሽው» አሏት እትዬ። ዳኪ ማስታወሻዋን አጠፈች። «ፖሌ፣ እትዬ» ብላ ይቅርታ ጠየቀች። እሷ ነች ይቅርታ የጠየቀችው። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። የአራቱን ዛፎች መዳን ግን እትዬ ለእኔ ሰጡኝ፣ በእሳቸው ቤት ያዳናቸው የእኔ እጅ ነው። ሳህኑ የጀመረው ያኔ ነው።

በእኛ ሰፈር የመጣ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ለሃያ ዓመት ያህል ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ቴምር አድርጌበት መልሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ባዶውን ይዤ ቡቲዬ ሄድኩ። እትዬ ዓለሚቱ አርጅተዋል፤ ችግኞቹን በየላስቲካቸው ደርድረው ይጠብቁኝ ነበር። ሳህኑን አይተው «ምነው፣ ደኸየህ?» አሉኝ።

ቆሜ ነገርኳቸው። በርሜሉን፣ ሰርጉን፣ «ታዲያስ» ያልኩትን። አንድም ቀልድ አልጨመርኩበትም፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ሳህኑን ከእጄ ወሰዱ። ከዚያ «ስለዚህ ልጅቷ ልክ ነበረች» አሉ።

«ልክ ነበረች።»

«ሃያውን ዛፍ ለማገዶ ሳስፈልጥ መጥረቢያውን የሳልከው አንተ ነህ።»

እሱን ረስቼው ነበር። እሳቸው አልረሱትም።

«እኔ ደግሞ ስሟ በተነሳ ቁጥር ዛፌን የገደለች እያልኩ ስረግማት ኖርኩ» አሉ። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ። ልረዳቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። የበሰለ የበሰለውን እየመረጡ ሳህኑን ሞልተው ሰጡኝ።

«ይቅር አሉኝ ማለት ነው?» አልኳቸው፤ ያው አመሌ ነው።

«ይሄ ያንተ አይደለም» አሉኝ። «የልጅቷ ነው። ፈልገህ አድርስ። ችግኙን የምተክለው እሷ ስትመጣ ነው።»

ይሄን ስጽፍ ሳህኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማርሳቢት ከተማ ያለ የግብርና ቢሮ ደወልኩ፤ ስሟን የሚያውቅ የለም፣ ነገ ደውል አሉኝ። ኡራን ዘመዶቿ አሁንም ያሉ ይመስለኛል፤ ቦዳ ቦዳውን ለጠዋት ቀጥሬዋለሁ። ባገኛት ምን እንደምላት አላውቅም፤ እኔ ወሬ የማጣ ሰው አልነበርኩም። የበሰለ ዘይቱን ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፤ ሚስቴ አንዱን ልታነሳ ስትል እጇን ያዝኳት።