የሐሙስ ምሳ

ውሸቱን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ያሳደገው ሰፈሩ ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ዱባይ፣ አንድ ጊዜ ቻይና ጓንዡ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ለዕቃ ነው» ብዬ። ውሸት አልነበረም፣ ዕቃ አምጥቻለሁ። ከአምስቱ ቀን ሦስቱን ግን ስበላና የሱቅ መስታወት ስቃኝ ነው ያሳለፍኩት፤ ያንን ማንም አልጠየቀኝም። ዘንድሮ ጥር ላይ፣ አዲስ አበባ የምትኖር የተማሪ ቤት ጓደኛዬ «ባንኮክ፣ አንድ ሳምንት፣ ለመብላትና ለመግዛት ብቻ» ስትለኝ የምሰጠው ሰበብ አጣሁ። መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ ሲዘጋ ገበያው ቀዝቅዟል፤ የቀድሞው ዕቃም ከመደርደሪያው አልተነሣም። ሰው ሁሉ ልቡ ተሰቅሎ በከረመበት ዓመት «ልዝናና ነው» ብዬ ከከተማው መውጣት አፈርኩ። መቅረቱንም አልፈለግሁም። ደክሞኝ ነበር፤ መሄድ አማረኝ።

ስለዚህ ጎረቤቴ ሻንጣዬን አይታ ወዴት ነው ስትለኝ «ጨጓራዬን ልታይ» አልኳት። ወደ ባንኮክ ለሕክምና የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ ማንም አይጠረጥርም። «እግዜር ይማርሽ» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። በዚያው የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ገና ሳልበር ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቡሬ ገበያ ደረሰ። እናቴ የምትኖረው ከቡሬ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ መንደር ነው። ከጎረቤቴ አፍ «ጨጓራ» ብሎ የወጣው እናቴ ጆሮ ሲገባ «ሆዷ ሊከፈት ነው፣ ትመለስ አትመለስ አይታወቅም» ሆኗል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደ።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ ባንኮክ ላይ እበላ ነበር። ጓደኛዬ የምግብ ቤቶቹን ስም ስልኳ ላይ ጽፋ ይዛለች፤ ጠዋት የሩዝ ገንፎ፣ ቀትር ላይ የተጠበሰ ዓሣ፣ በመሀል ጫማና ቦርሳ። ረቡዕ እንኳ አልጾምኩም፤ መንገደኛ ነኝ ብዬ ራሴን ፈታሁ። ሐሙስ ቀን ወንዝ ዳር ካለ የምግብ ገበያ ወሰደችኝና ሸርጣን አዘዘች። ሃይማኖታችን የከለከለው ነገር ነው፤ ቤቴ ሆኜ ቢሆን ስሙንም ከማዕድ አጠገብ አላነሣም። «እዚህ ማን ያይሻል?» አለችኝ። ቅርፊቱን እሷ ሰበረችልኝ፣ ሥጋውን እኔ በጣቴ ጎረጎርኩ። ቀጥሎ ማንጎ በሩዝና በኮኮናት ወተት መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ የበላሁ አይመስለኝም። እየሳቅሁ ነበር የበላሁት።

አርብ ዕለት ጫማ መደብር ውስጥ አንዱን እግሬን በአዲስ ጫማ፣ ሌላውን በባዶው እንዳደረግሁ ወንድሜ ደወለ። ቡሬ አስተማሪ ነው። ከስንት ቀን በኋላ ኔትወርክ መጥቶለት ቸኩሏል።

«ሐኪሞቹ ምን አሉሽ? መቼ ነው የሚከፍቱሽ?» አለኝ፤ መልሴንም ሳይጠብቅ «እምዬ ስለት ገብታለች። አንች በደህና እንድትመለሽ ብላ አሥራ አራት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም አለች። ከቅዳሜ ጀምራለች። ትናንት ከምንጭ ስትመለስ ወድቃለች።»

እናቴ ስኳር አለባት። ኪኒኑን ጠዋት ከምግብ ጋር ካልወሰደች ሰውነቷ ይከዳታል። በዚህ የተነሳ የንስሐ አባቷ ዐቢይ ጾምን እንኳ በልክ እንድትጾም አዘዋታል። ይህን ስለት ግን ለእሳቸው አልነገረችም፤ እንደሚከለክሏት ታውቃለች።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «አልታመምኩም» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ጓደኛዬ ፊት ለፊቴ ቆማ ትመለከተኛለች፣ ሻጯ ሌላኛውን ጫማ ይዛ ትጠብቃለች፤ አፈርኩ። «ደህና ነኝ በላት። እህል ትቅመስ በላት» ብቻ አልኩ። መስመሩ ተቋረጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ደጋግሜ ብደውል አልገባ አለ።

ያ «ደህና ነኝ» ያልኩት ነገር ምን እንዳደረገ የሰማሁት በኋላ ነው። እናቴ «አያችሁ፣ ታቦቱ እየሰማኝ ነው» ብላ በዘጠኝ ሰዓት የምትቀምሰውንም ቀነሰችው።

ከዚያ ስልክ ወዲያ የጓደኛዬን የምግብ ቤት ዝርዝር አላስከፈትኳትም። ትኬቱን ለማስቀየር ብንሞክር ከእሑድ በፊት ቦታ የለም። ጓደኛዬ «እናቶች ጠንካሮች ናቸው» ትለኛለች፤ ተናደድኩባት፣ በእሷ መናደዱ ይቀለኝ ነበርና።

ሰኞ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሣሁ። ደምበጫ ስንደርስ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ከዚህ ወዲያ ዛሬ አይኬድም አለ። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። አልቤርጎ ይዤ ከነልብሴ ተኛሁ። ለቡሬ የቀረኝ ሁለት ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው፤ እናቴ ግን በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ሻንጣዬ ውስጥ አምስት ጥንድ ጫማ ነበር። ጠዋት መንገዱ ሲከፈት አራት ሰዓት ላይ ቡሬ ገባሁ፤ ሻንጣውን አንድ ሱቅ ጥዬ በእግሬ ቀጠልኩ።

እናቴ መደብ ላይ ተኝታለች፤ ወንድሜ አጠገቧ ተቀምጧል። ፊቷ ሟሟል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስታየኝ በክንዷ ተደግፋ ተነሣች፤ አልሳመችኝም። መጀመሪያ እጇን ሆዴ ላይ አሳረፈችና ቀስ ብላ በልብሴ ላይ ዳሰሰችኝ፣ ከላይ ወደ ታች።

«ወዴት ነው የቀደዱሽ?» አለችኝ።

«አልቀደዱኝም፣ እምዬ። አልታመምኩም። ውሸቴን ነው።»

እጇ እዚያው ሆዴ ላይ ቀረ። ወንድሜ ብድግ አለ።

«እኸ፣ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?»

«ስበላ። ዕቃ ስገዛ።»

ቀኖቹን በልቧ ስትቆጥር አየኋት።

«ሐሙስ ምን በላሽ?»

ሌላ ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዓሣ ልላት። አልቻልኩም።

«ሸርጣን።»

«ይኸ ከምንጫችን ድንጋይ ሥር የሚገባውን?»

«እሱን።»

እጇን ከሆዴ ላይ አነሣች። ሐሙስ ዕለት የወደቀችው ከዚያው ምንጭ ስትመለስ ነው። እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ በይ ተነሽም አላለችኝ። ኪኒኗን ከውኃ ጋር ባቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አራት ቀን ቀርቶኛል» አለች።

«በምን ምክንያት? ደህና ነኝ እኮ።»

«ቃሉን የሰጠሁት ላንች መሰለሽ?»

ወንድሜ እየሮጠ ወጥቶ የንስሐ አባቷን ይዞ መጣ። ቄሱ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ሁሉንም እንደገና ነገርኳቸው፤ ሸርጣኑንም ጭምር። ለሁለተኛ ጊዜ ሲነገር ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ገብተው እናቴ ራስጌ ተቀመጡ።

«ለነፍስዎ ብለው ሥጋዎን አይግደሉ። ይቅመሱ» አሏት።

«አባ፣ ለታቦት ያወጣሁትን ቃል በምን አፌ ልመልሰው?»

«አይመለስም። የቀረውን እሷ ትፈጽመው። አራቱን ቀን ልጅዎ ትጹም፣ እርስዎ ኪኒንዎን ይዋጡ። የእሷን ንስሐ ደግሞ ለብቻው እንነጋገራለን።»

እናቴ ዘወር ብላ አየችኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት ከእሷ አይቼ አላውቅም፤ ሸክም ሊያነሣ የመጣን ሰው ትችል ይሆን ብላ የምትለካ ትመስላለች።

«ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

ወንድሜ አጥሚት አሙቆ በኩባያ አመጣ። ኪኒኑን ዋጠች፣ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፏ አስጠጋች። ልደግፋት ብጠጋ በክርኗ መለሰችኝ። ሳትጎነጭ ቆም አለች።

«አንችስ፣ እህል ቀምሰሽ ነው የወጣሽ?»

«ከትናንት ማታ ወዲህ አልቀመስኩም።»

በመስኮቱ የገባውን ፀሐይ አየች። ገና ቀትር አካባቢ ነበር።

«እንግዲያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የለሽም» አለችኝና መጠጣት ጀመረች።