ጆሮ ይታይ

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። «ቀና በሉ፤ ጆሮ ይታይ» ማለት ስለሚያበዛ ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ጆሮ ይታይ» ይለዋል። ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ሥዕል ትምህርት ገባ። ተራራው፣ ዛፉ፣ ወንዙ ቶሎ እጁ ገቡ። ያስቸገረው ሰው ነው።

መምህርቷ በልጁ ዕድሜ ያለች ናት። ሸራው ፊት ቆመች። አረንጓዴ ሜዳ፣ አምስት ሰዎች፣ አሥር ጆሮ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ሜዳው ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ቆመዋል።»

«ወረፋ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።»

አየው፤ እውነቷን ነው። አንደኛውማ ክራባት አስሯል።

«ቅዳሜ ለተማሪዎች ዐውደ ርእይ ሥዕል እመርጣለሁ። ሜዳው ላይ አንድ በሕይወት ያለ ሰው ካላገኘሁ ማሰሮ ከሚስሉት ጀማሪዎች ጋር ተመልሰው ይጀምራሉ።»

ችግሩ፣ ሚስቱን «ለዐውደ ርእዩ እስልሻለሁ» ብሏታል። እሷም ለዕለቱ የምትለብሰውን ቀሚስ ተኩሳ ሰቅላለች።

መስኮቱ አጠገብ አስቀመጣት። «ቀና በይ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም?»

ሳላት። የጎደላት ማኅተም ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት መቀመጥ ሰለቻት። «አንተ እስክትጨርሰኝ ገበያው ይበተናል» ብላ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች። እሱ ብሩሹን እንደያዘ በመስኮት ተከተላት። ዘንቢሉ ባዶ ነው፤ ቀኝ ትከሻዋ ግን ከወዲሁ ወደ ታች ዘሟል። በየእርምጃው እያነሰች ሄዳ መንገዱ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ስትደርስ ጥፍር አከለች። ፊት የላት፣ ጆሮ የላት፤ ከሺህ ሰው መሀል ግን አይስታትም። አርባ ዓመት አብሯት ሲኖር አካሄዷን እንዲህ አይቶት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የተቀመጠ ሰው ነው። መታጠፊያውን ሳትዞር የሜዳው ሸራ ላይ አራት ጊዜ ብሩሹን አሳረፈና፣ እንዳያበላሻት ፈርቶ፣ ብሩሹን አጠበ።

ቅዳሜ መምህርቷ ሸራው ፊት ብዙ ቆመች።

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ሽንኩርት ልትገዛ።»

«ይሰቀል።»

በዐውደ ርእዩ ቀን ሚስቱ የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ አፍንጫዋ ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች።

«ጆሮዬስ?»

«አይታይም።»

ጣቷን ወደ ሥዕሉ ቀሰረች። «ትከሻዬ እንዲህ የዘመመው ዘንቢሉ ከብዶኝ ነው?»

«ባዶ ነበር።»

በማግስቱ ዘንቢሉን ይዞ የወጣው እሱ ነው። ሽንኩርቱን ሞልቶ፣ ወደ አንድ ወገን አጋድሎ ሲመለስ፣ ሚስቱ መስኮቱ ላይ ቆማለች።

«ቀና በል» አለችው።